አይሸጥም ለማለት እንጅባራ ድረስ

ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቄ የገባ ሁሉ «እንጅባራ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከሥር መሠረቱ መተረክ ሰልችቶኛል፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል። አብዛኞቻችሁ በዚያ መንገድ ሄዳችሁ አታውቁም፣ ወደፊትም አትሄዱም፤ ስለዚህ ብርዱንም ድንቹንም ጭቃውንም በመሀል ጣል ጣል አደርጋለሁ። ደስ የሚል ነገር የምትጠብቁ ከሆነ ግን ከአሁኑ ተዉት።

ድሬዳዋ፣ ታይዋን የምንለው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ውስጥ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ እሸጣለሁ። እኛ ማሽን ነው የምንለው። አዲስ ማሽን ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር ይነሣል ወይስ ይቀመጣል ብዬ መገመት አለብኝ፤ ካልገመትኩ የማይንቀሳቀስ ካርቶን ታቅፌ መቅረቴ ነው። እስካሁን ብዙም አልሳትኩም። ሰው ሁሉ ስለ ሥዕሉ ጥራት ሲያወራ እኔ የማስበው ጌም ቤቱን ነው። አንድ ቴሌቪዥን ፊት ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል? ሲበላሽ የሚፈታው ሰው አለ? ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል? በቃ፣ ይኸው ነው ጥንቆላዬ።

ታናሽ ወንድሜ ስንታየሁ ለመምህርነት እንጅባራ ተመድቦ ሄዶ፣ እዚያው አግብቶ ቀረ። ከማስተማሩ ጎን ጌም ቤት ከፍቷል። አንድ ቀን ሚስቱ ብርቱካን ደወለችልኝ። ገና ያልወጣ፣ ወሬውና ፎቶው ብቻ የወጣ ማሽን አለ። ባሕር ዳር ያለ ነጋዴ «ቀድሞ ለከፈለ ቀድሞ ይደርሰዋል» እያለ ከየከተማው ገንዘብ ይሰበስባል። ስንታየሁ ልቡ ተነሥቶ አማቱን፣ የብርቱካንን አባት፣ ያላቸውን የመጨረሻ የዛፍ መሬት አስቆርጠው እንዲያግዙት እየወተወተ ነው።

«እታለም፣ እሱ እኔን አይሰማም» አለችኝ። «አባቴ ደግሞ ‹የድሬዳዋዋ እህቱ ነጋዴ ናት፤ ትምጣና በአፏ ትንገረኝ፣ የሷን ቃል ሰምቼ እወስናለሁ› ብለዋል። በስልክ አይሆንም ብለዋል። ፊቷን ማየት አለብኝ ነው የሚሉት።»

ዕቃው ገና ባይወጣም ዝርዝሩን አንብቤ አውቀዋለሁ። የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጆይስቲክ አንድ ነው። ለኛ አገር የሚሆን አይደለም፤ ይህን ለመናገር ደግሞ አፍ አለኝ። ሱቁን ለሴት ልጄ ትቼ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከድሬ በአውሮፕላን ተነሥቼ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀይሬ ባሕር ዳር ገባሁ። እስከዚህ ድረስ የሚወራ ነገር የለም። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ።

«ሙቅ ውሃ አላችሁ?» አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን።

«ነበረ» አለችኝ።

እኛ አገር ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ ሙቅ ውሃ ማን ይፈልጋል፤ ከቧንቧው የሚወጣው ራሱ የፈላ ነው። እዚያ ግን ታጥቤ ስወጣ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ራት ስበላ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ የሚጠያየቁት «መንገዱ እንዴት ነው?» እያሉ ነው። ጤንነት የሚጠያየቁ ይመስላል። መልሱም አንድ ነው፦ «ዛሬስ ደህና ነው አሉ።»

ረቡዕ

ዛሬስ ደህና አልነበረም። ሚኒባሱ መራዊ ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ የጠየቀም የነገረንም የለም። ድሬ ላይ ባጃጅ ለአፍታ ቢቆም «አቦ ንዳው!» ብለን ሰፈሩን እናውካለን። እዚህ ተሳፋሪው አንድም ሳይናገር ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወንዶቹ ዱላቸውን አስተኝተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያስተማራቸው ምን እንደሆነ ማሰብ አልፈለግኩም።

እኔ ስስ ቀሚስ ለብሼ ስንቀጠቀጥ፣ ዳንግላ ለቅሶ የምትሄድ ሴትዮ ጋቢዋን ከፍታ «ግቢ» አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ተቀመጥን። ከፌስታሏ የተቀቀለ ድንችና በወረቀት የተቋጠረ ሚጥሚጣ አወጣች።

«ከወዴት ነሽ?»

«ከድሬዳዋ።»

«እሱ ከጎንደር ይርቃል?»

«ይርቃል።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አንድ ዕቃ አትግዙ ልል።»

አየት አድርጋኝ ድንች ጨመረችልኝ። ያዘነችልኝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን እያመዛዘነችኝ ሳይሆን አይቀርም።

መንገዱ ሲከፈት ቀኑ አልፎ ነበር። ዳንግላ ስንደርስ ወደ እንጅባራ የሚሄድ አልተገኘም፤ የስንታየሁ ጓደኛ መላኩ መጥቶ ወሰደኝ። እሱም ጌም ቤት አለው። ሚስቱ ምስር ወጥ አቅርባ እስክጠግብ ከላዬ አልተነሣችም። እንደ በላሁ ጌም ቤትህን አሳየኝ አልኩት።

ጌም ቤቱ የቆርቆሮ ክፍል ነው። የቀርቀሃ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጀርባቸው ያበጠ ቴሌቪዥኖች፣ ከሽቦ ላይ ሽቦ የተቀጠለበት ዲቫይደር። ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው። አንዱ ክዳኑ ወልቆ የኮምፒውተር ማራገቢያ ተገጥሞለታል። የጆይስቲኮቹ ጎማ አልቆ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ታይዋን ውስጥ እንዲህ ያለውን ብጥለው የሚያነሣው የለም፤ እዚህ ግን ሌት ተቀን እንጀራ ያበላል። ጎረምሶቹ ኳስ ይጫወታሉ፤ ደንቡም እንደ የትም ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል።

«አዲሱ ማሽን ከሌላ አገር ሰው ጋር ያጫውታል አሉ» አለኝ መላኩ፣ ዓይኑ እየበራ። «በኔትወርክ።»

«ኔትወርክ አላችሁ?»

«አንዳንድ ቀን ይመጣል።»

«እሺ፣ በመጣበት ቀን አንዱ ልጅ ብራዚል ካለ ሰው ጋር ተጫወተ እንበል። ልጁ አሸነፈ። ማን ነው የሚከፍልህ?»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ጎረምሶች ሳቁ። «ብራዚል ድረስ ሄዶ ይቀበል!» አለ አንዱ። መላኩ ግን አልሳቀም። ለመክፈል ቆርጦ እንደነበር፣ እንጅባራዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረኝ። ተው አልኩት። «እሽ» አለ። እነሱ ዘንድ «እሽ» ማለት «ሰማሁ» እንጂ «ተስማማሁ» ማለት እንዳልሆነ ያኔ አላወቅኩም።

ሐሙስ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲወጣ ብርዱ በየኮረብታው ይጨምራል። በመንገዱ ዳርና ዳር በአፉ ሣር የተወተፈ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል፤ ከኋላው ቅጠሉ ረቂቅ፣ ቁመቱ ቀጥ ያለ ዛፍ። ዲከረንስ ይሉታል። ገበሬው ጤፉን ትቶ እሱን ተከለ፤ አምስት ዓመት ጠብቆ ቆርጦ አክስሎ ይሸጣል። በመሀል በመሀል ግን ኮረብታው ሙሉ የደረቀ፣ ግራጫ የሆነ ዛፍ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ስለው «በሽታ» ብሎኝ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እንጅባራ ስወርድ ዝናብ ነው። የድሬ ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው፣ ነፋስ ነው የምንገዛበት፤ የዚህ አገሩ ግን በሸራ ተጀቡኖ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ስወርድ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ባለ ባጃጁ በዱላ ፈልጎ አጣው። በአንድ ጫማ እያነከስኩ የወንድሜ አማቶች ደጅ ደረስኩ።

የብርቱካን አባት አያ እንዳላማው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ድሬዎች ሽማግሌ ሕፃን ሳንል «አንተ» እያልን ስለምናወራ፣ እሳቸው ፊት ምላሴ እየተሳሰረ «እርስዎ» ማለት ጀመርኩ። ሚስታቸው እትዬ ትሁኔ እግሬን አይተው አንድም ቃል ሳይሉ ሙቅ ውሃ አቀረቡ። ከዚያ የአያ እንዳላማውን ቦቲ ጫማ አምጥተው አጠለቁልኝ። እዚያ አገር የቆየሁት በሙሉ በዚያ ቦቲ እየተንኳኳሁ ነው።

የገዛ አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ መደብ ላይ ተኙ። እምቢ ብል እትዬ ትሁኔ ለባላቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ብርቱካን «እንግዳ መሬት ላይ ካደረ ነገ ምን ፊት ይዤ ውሃ እቀዳለሁ እያለች ነው» ብላ ተረጎመችልኝ። ድሬ ላይ ዘመድ ሲመጣብን ፍራሽ አውጥተን በረንዳ ላይ አብረን ነው የምንዘረጋው፤ ክፋት የለንም፣ ሙቀቱ ነው። አልጋውን ለቆ ሲያስተኛኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ይሄ ደግነት ነው ኋላ አንገቴን ያስደፋኝ።

ስንታየሁ ማታ መጣ። ሳመኝ፤ ፊቱ ግን የተቋጠረ ነበር። «ልታፈርሺብኝ ነው የመጣሽው» አለኝ ጆሮዬ ላይ። አልዋሸሁትም። «አዎ» አልኩት።

ዓርብ

አያ እንዳላማው ዛፋቸውን ሊያሳዩኝ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ይዘውኝ ሄዱ። በቦቲ ያን አቀበት መውጣት እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። እሳቸው በእድሜያቸው ፊት ፊት እየሄዱ፣ ቆመው እየጠበቁኝ፣ ስደርስ እንደገና እየቀደሙኝ።

ቁራሽ መሬት ናት። ዙሪያዋ የደረቀ፤ እሷ ግን አረንጓዴ። «የኔ ከዚያ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ነበር» አሉኝ በእጃቸው ኮረብታውን እያሳዩ። «ይቺ ብቻ ተረፈች። ሁለት ክረምት ይቀራታል። የኔና የትሁኔ መጦሪያ ናት።»

በሽታው እንዴት እንደመጣ ጠየቅኳቸው። ቁጭ አሉና ነገሩኝ። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ታየ። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰል ነጋዴ መጥቶ «ዛፋችሁ ታሟል፤ ሳይደርቅ ሽጡልኝ» አላቸው። ሳቁበት። በርካሽ ሊወስድ ፈልጎ ነው ብለው። ጎረቤቱም ሁሉ ሳቀበት። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ኮረብታው ደርቆ አደረ።

«አይ» አልኩ።

«አይ ነው እንጂ» አሉ።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ አንድ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ደላላ መጣ። ዛፎቹን በየተራ በቡጢ መታ መታ እያደረገ ዞረ። ፊቱን አኮሳተረ። «ቀጭን ነው አያ። ይሄ ከሰል አይወጣውም፣ ዱቄት ነው የሚሆነው። ያውም ደህና አይመስልም፣ ቅጠሉን እዩት።» አያ እንዳላማው ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ሰውዬው ዋጋ ጠራ፣ እሳቸው ዝም፤ ጨመረ፣ እሳቸው ዝም። ተቆጥቶ ሄደ።

«ወዶታል» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ካልወደደውማ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ድረስ በእግሩ ምን አመጣው? የማይፈልገውን ዕቃ ለማጣጣል የሚደክም ነጋዴ አይቼ አላውቅም።»

ሳቅኩ። ወላሂ፣ ከልቤ ሳቅኩ። «እኛም አገር ያው ነው» አልኳቸው። «እኔም ልገዛ የፈለግኩትን ነገር እንዲህ አድርጌ ነው የማጣጥለው።»

እሳቸውም ሳቁ። ትከሻዬን መታ አድርገው «አንቺ ሠሪ፣ ብልጥ ነሽ» አሉኝ። ቁልቁለቱን እጄን ይዘው አወረዱኝ።

ቅዳሜ

ከገበያ መልስ ሁላችንም ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። አያ እንዳላማው፣ እትዬ ትሁኔ፣ ስንታየሁና ብርቱካን፤ መላኩም ከዳንግላ መጥቶ ነበር። ዶሮ ታርዶልኝ ነበር። በልተን እጃችንን ስንታጠብ አያ እንዳላማው «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» አሉኝ።

ተናገርኩ። እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ማሽኑ ሲዲ አይበላም አልኩ፤ እዚህ ጨዋታ የሚዞረው በሲዲና በሃርድ ዲስክ ነው፣ ያ ሁሉ ይቀራል። ገና ከካርቶን ሲወጣ ኔትወርክ ይላል፣ ካላገኘ ጨርሶ አይከፈትም። ጆይስቲኩ አንድ ነው፤ ሁለተኛውን ለብቻው ሲገዙት የአሮጌ ማሽን ዋጋ ነው። ቢበላሽ እዚህ ቀርቶ ድሬም የሚፈታው የለም። ጌም ቤት የሚኖረው በተሸናፊ ነው፣ ተሸናፊው አጠገብህ ካልተቀመጠ ከማን ትቀበላለህ አልኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ለማየት ይግተለተላል፤ ወረቱ ሲያልፍ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ይሄ ማሽን በዓለም ላይ ይሸጥ ይሆናል፤ ከመራዊ ወዲህ ግን አይሸጥም።

ስንታየሁ መሬት መሬት ያያል። ብርቱካን ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ደስታ ነው።

አያ እንዳላማው በጥሞና ሲሰሙኝ ቆይተው ጠየቁኝ። «እንዲያው፣ ቢቀመጥስ? ተቀምጦ ይወፍራል?»

«አይወፍርም አያ። እንደ ዛፍ አይደለም። በየዓመቱ ይቀጥናል። ሌላ አዲስ ሲመጣ ደግሞ የሚያየው የለም።»

«አንቺስ ለሱቅሽ ስንት አዘሻል?»

«አንድም።»

«አንድም?»

«አንድም። በነጻ ቢሰጡኝም አላስገባው።»

ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ መላኩ ዞረው በአዊኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ፤ መላኩም ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ ልጄ» አሉኝ። «ይሄን ሁሉ መንገድ ስለኔ ብለሽ ደከምሽ። እግዜር ይስጥሽ።» ተነሥተው መረቁኝ። የምርቃቱን ርዝመት ብታዩት።

በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብርቱካን አቅፋኝ ወደ ቤቷ ሄደች። ስንታየሁ ሳይሰናበተኝ ወጣ፤ ይሁን፣ ይረሳዋል አልኩ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ከሰዓት የጥርባን ሐይቅ አሳዩኝ። ክብ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ዙሪያው ደን ነው። ድሬ ላይ ውሃ የምናየው ደረቁ ወንዛችን ድንገት ጎርፍ ሲያመጣ ነውና ዝም ያለ ውሃ ሳይ ደስ አለኝ። ስለ ሐይቁ ይህን ያህል ይበቃል፤ እኔ የማየው የዛፏን ቁራሽ መሬት ነበር። ከመንገዱ ትታያለች፣ አረንጓዴ። ባላዳንኩሽ ኖሮ አልኳት በሆዴ። ሞኝ።

ሰኞ

ጠዋት ሻንጣዬን ስዘጋ ብርቱካን እየሮጠች ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባቴ ቆራጮች ይዘው ሄዱ።»

«የት?»

«ወደ ዛፉ ነዋ።»

ባጃጅ ይዘን ደረስን። ከመንገዱ ሳንወርድ የመጋዙ ድምፅ ይሰማል። ደላላው፣ ያ የቆዳ ጃኬቱ፣ ከጎናቸው ቆሞ ያስቆጥራል። ሁለት ክረምት የሚቀራቸው ዛፎች እንደ አገዳ ይወድቃሉ። አያ እንዳላማው ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው መጡ፣ ልጅ የወለደ ሰው ይመስላሉ።

«አያ፣ ምን እየሠሩ ነው? አይሸጥም አላልኩዎትም?»

«ብለሽኛል እንጂ።»

«ታዲያ?»

ክንዴን ይዘው ፈንጠር አደረጉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ገበሬ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ለማይረባ ዕቃ ማን ከድሬዳዋ ይመጣል? በዚህ መንገድ? በዚህ ብርድ? ጫማሽን ጭቃ አስበልተሽ? ዕቃው ዋጋ ባይኖረው፣ እኔ ‹ትምጣ› ብልም፣ በስልክ ‹ተዉት› ብለሽ ትዘጊው ነበር። ራስሽ ነግረሽኛል፣ የምትፈልጊውን ነው የምታጣጥይው።»

«እኔ የመጣሁት ለወንድሜ ብዬ ነው!»

«ነው እንጂ። ወንድምሽ ነው፤ እኔ ግን ባዳ ነኝ። አልቀየምሽም። ነጋዴ ነሽ።»

ማርያምን አልኩ። በልጄ ማልኩ። በማልኩ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ይህን ያህል የሚያስምላት ምን ያህል ቢወደድ ነው እያሉ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ። መጨረሻ ላይ ተናደድኩ። «እሺ፣ ዋሸሁ! ይሸጣል! እንደ ጉድ ይሸጣል! ያሉትን ሁሉ ይግዙ!»

«አሁን እውነቱ ወጣ» አሉኝ በእርጋታ።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? አይሸጥም ብል ይሸጣል ማለት ነው፤ ይሸጣል ብልም ይሸጣል ማለት ነው። አፍ አለኝ ብዬ ነበር የመጣሁት።

«አያ» አልኳቸው፣ «ያኔ ዛፉ ታሟል ያላችሁ ነጋዴስ? እውነቱን አልነበረም?»

የደረቀውን ኮረብታ አዩት። ለአፍታ ያዝኳቸው ብዬ ነበር።

«እውነቱን ነበር» አሉ። «አንዴ እውነት አወራ። ነጋዴ ሁለቴ እውነት ይናገራል እንዴ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።»

ጠርጥረውም ተመነጠሩ። ይህን ግን አልኳቸውም፤ ብላቸውስ?

መናኸሪያ ድረስ ራሳቸው ሸኙኝ። ሻንጣዬን ተሸክመው፣ ለሹፌሩ «አደራ፣ ልጄ ናት» ብለው፣ ከፊት አስቀመጡኝ። ቦቲውን ላወልቅ ስል «ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ። ብርቱካን አልመጣችም። እሷም እንደ አባቷ አስባ ይሆን ወይስ እኔን ማየት ጠልታ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንታየሁ ግን መጥቶ አቀፈኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «አመሰግናለሁ እታለም» አለኝ። ከዚያ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ከተመለስኩ በኋላ

ማሽኑ ወጣ፤ ነጋዴውም አላጭበረበረም፣ ያዘዙት ሁሉ ደረሳቸው። ስንታየሁ ካርቶኑን ከፈተ፤ ማሽኑ በራ፣ ኔትወርክ አለ፣ ክብ ነገር እያዞረ ቆመ። በሚኒባስ ባሕር ዳር ወስዶ አስከፈተው። ጎረምሶቹ ተጋፍተው መጡ፤ በአንዷ ጆይስቲክ ተራ እየጠበቁ አዩት፣ አደነቁት፣ ከዚያ ወደ አሮጌው ማሽን ተመልሰው ማን ይክፈል እያሉ መጨቃጨቅ ጀመሩ። የቀሩት ካርቶኖች ሳይከፈቱ ቁምሳጥን ላይ በላስቲክ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። መላኩም ገዝቷል። ማጣጣሌን በጆሮው ሰምቷላ።

በዚህ መሀል በአይሱዙ አንድ ማዳበሪያ ከሰልና አንድ ማሰሮ ማር መጣልኝ። ከአያ እንዳላማው ነው። «ላደረግሽልኝ» ብለዋል። በድሬ ሙቀት ከሰሉን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ስንት ቀን ሳላየው ዋልኩ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስንታየሁ ደወለ። ድምፁ ደክሟል። ያ የባሕር ዳሩ ነጋዴ መጥቶ ካርቶኖቹን አይቷል። «ይሄ ዕቃ አይረባም፣ የሚፈልገው የለም፣ በግማሽ ዋጋ ልውሰድላችሁና ተገላገሉ» ብሏቸዋል። ስንታየሁ ሊሰጠው ነበር።

«ታዲያ ስጠዋ!» አልኩት።

«አያ እንቢ አሉ። ‹ወዶታል፤ እንዳትሸጥ› ብለዋል።»

«አገናኘኝ። ሽጡ ልበላቸው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።

ያን ቀን ነው ማዳበሪያውን የፈታሁት። ከሰሉ ጣት ጣት የሚያህል ቀጭን ነው። ሁለት ክረምት ጎድሎታል፤ አንድ ጀበና ውሃ ሳይፈላ አመድ ይሆናል።